ውሃ ያላገኘም ዱላውን ያነሳል

እናቴ ወተት ስትገዛ ጣቷን ነክራ ካልቀመሰች አትገዛም። ከቀመሰች በኋላም "ውሃ ሳይነካው አይቀርም" ብላ ነው የምትገዛው። እኔ የሷ ልጅ ነኝ። ስሜ ስመኝ፣ ተወልጄ ያደግኩት ወረታ፣ የምሰራው ባሕር ዳር ነው። ይህ ነገር ሲደርስብኝ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። የመስኖ ፓምፕን የሚያዝዝ ሳጥን ውስጥ የሚገባ የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፋለሁ። መስሪያ ቤታችን ውስጥ አምስት ሰዎች ብቻ ስለነበርን "ኢንጂነር" የሚለውን ስም ያለ ብዙ ፉክክር ነበር ያገኘሁት።

የመጀመሪያው ፓምፓችን የተተከለው ከወረታ ወጣ ብሎ ርብ ወንዝ ዳር ነው። የፎገራን ሜዳ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ክረምት ላይ ባሕር ነው፤ ሩዙ ከታጨደ በኋላ ግን መሬቱ ይሰነጣጠቃል። ሽንኩርት የሚተክል ሰው ከወንዙ ውሃ ማውጣት አለበት። ዘጠኝ አባወራዎች ተሰባስበው በፀሐይ የሚሰራ ፓምፕ ተከሉ። ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ ማጠጣት ስለሚወዱ ባትሪም ተጨመረለት።

የፕሮግራሙን ስራ ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ኋላ የመጣው ጉድ ሁሉ ከዚህ ነው። በየማሳው ራስ ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ፣ አረንጓዴና ቀይ። ገበሬው አረንጓዴውን ሲጫን ሳጥኑ "አንድ ፈላጊ" ብሎ ይቆጥራል፣ ፓምፑን ይቀሰቅሳል፣ የዚያን ማሳ ቫልቭ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚከፈተውን የውሃ በር ይከፍታል። ቀዩን ሲጫን "ጨረስኩ" ማለቱ ነው፤ ሳጥኑ ከቆጠራው አንድ ይቀንሳል። ቆጠራው ዜሮ ሲደርስ ሁሉም ነገር ይተኛል። አንድ ፈላጊ እንኳ ከቀረ አይተኛም። ካልተኛ ደግሞ አንዲት ጠብታ ባያወጣም ባትሪውን ሲበላ ያድራል፣ ጠዋት ባትሪው ባዶ ይሆናል። የዚያን ቀን ፀሐይ ሁሉ ባትሪው ይወስደዋል፤ ለፓምፑ የሚተርፍ የለም።

በሁዳዴ መግቢያ ላይ ተደወለልኝ። "ፓምፑ አልነሳም አለ" አሉኝ። ሄድኩ፣ ሳጥኑን አጥፍቼ አበራሁት፣ ባትሪው ሞልቶ በማግስቱ ጠዋት ተነሳ። ሦስት ቀን እናቴ ቤት እያደርኩ ጠበቅኩት፤ በየማለዳው ውሃውን ያንዶቀዱቀዋል። ባሕር ዳር በተመለስኩ በአራተኛው ቀን እንደገና ተደወለ። ሄድኩ፣ አጥፍቼ አበራሁት፣ ሰራ። ተመለስኩ፣ ሞተ።

አለቃዬ ጠርቶ "የእቃው ነው ወይስ የሰው?" አለኝ። "የእቃው ከሆነ ሌሎቹ ቀበሌዎች ፓምፑን አይቀበሉንም።"

"የሰው ነው" አልኩት። እኔ ስኖር የሚሰራ፣ ስሄድ የሚሞት ነገር ከሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሐሳቡ እጅግ ብልህ ሆኖ ስለታየኝ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ሳጥኑን ባጠፋሁ ቁጥር ቆጠራውን እኔው ራሴ ከዜሮ እያስጀመርኩት እንደነበር አልታየኝም።

ለሦስተኛ ጊዜ የሄድኩት ሐሙስ ዕለት ነው። ያን ቀን ፓምፕ አልነበረም የምመረምረው፤ ሌባ ነበር የምፈልገው።

የፓምፑን ቤት ቁልፍ የሚይዙት አያ ጥጋቡ ናቸው። ፓምፑ ሳይመጣ በፊት ወንዙ በቦይ ተጠልፎ በተራ ይጠጣ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ተራውን የሚያስከብሩ የውሃ አባት ነበሩ። ቦዩ ሲቀር ቁልፉን ሰጧቸው። ቤታቸው ከፓምፑ አጥር ለአጥር ነው። አማቻቸው ማረሻና ማጭድ የሚሰራ ቀጥቃጭ ነው፤ ቀጥቃጭ በመሆኑ ብቻ ጎረቤቱ ብዙ ያማዋል። የኤሌክትሪክ ሞረድ መግዛቱንም አውቃለሁ። መንደሩ መብራት የለውም። ታዲያ በምን ያሰራዋል?

አጥሩ ጋ ስደርስ አንድ ጥቁር ገመድ አየሁ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ከፓምፑ ቤት ማዕዘን ይነሳና በአጥሩ ላይ አልፎ ወደ አያ ጥጋቡ ግቢ ይገባል። ልቤ ደስ አለው። አዎ፣ ደስ አለው፤ አልዋሽም።

አያ ጥጋቡ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ መጡ።

"እንደምን ዋልሽ ልጀ። ዛሬም ታመመብን አይደል?"

"ታመመ። ትናንት ማን ነው የነካው?"

"ማን ይነካዋል? ቁልፉ ካንገቴ አይወርድ።"

"እኔም እሱን ነው የምለው" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ፤ ነገሩን ሰምተውታል፣ ግን እንዳልሰሙ ሆኑ። "በይ እስቲ ግቢና ቤት ያፈራውን ቅመሽ። ለትንሿ ልጀ ከፋሲካ ወዲያ ከአንበሳሜ ሽማግሌ ይመጣባታል፤ ቤቱ ሽር ጉድ ላይ ነው።"

አልገባሁም። የምጠረጥረውን ሰው እህል አልቀምስም አልኩ በሆዴ። ለድግሱ ደግሞ መብራት ሳይፈልጉ አይቀሩም አልኩ። ብገባ ኖሮ የዚያን ሽቦ ጫፍ በዓይኔ አየው ነበር።

በዚያ ፋንታ የሳጥኑን መዝገብ ከፈትኩ። ሳጥኑ የሚደርሰውን ትእዛዝ ሁሉ ይመዘግባል። ማሳ ሰባት፣ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ አረንጓዴ። ከዚያ በኋላ የማሳ ሰባት ቀይ የለም። ወደ ኋላ ሄጄ ያለፉትን ሁለት ብልሽቶች አየሁ። ያኔም ማሳ ሰባት፣ አረንጓዴ፣ ቀይ የለም። ማሳ ሰባት የአያ ጥጋቡ ነው።

"ትናንት ጠዋት አረንጓዴውን ተጭነዋል?"

"ተጭኛለሁ። ውሃ ግን አልመጣልኝም። ያች መብራት ብልጭ ብልጭ አለችና ቀረ። በሩ ደለል ሳይገባበት አይቀርም፤ ዝቅ ያለው የኔ ማሳ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ቀዩን ተጫንሁና ወደ ጉዳየ ሄድሁ።"

"ቀዩን ተጭነዋል?"

"ተጭኛለሁ ስልሽ።"

መዝገቡ ግን አልያዘውም። "ማሽን አይዋሽም፣ አያ ጥጋቡ" አልኩ። ጎረቤት እንዲሰማ ድምጼን ከፍ አድርጌ ነበር ያልኩት።

"እኔስ እዋሻለሁ?" አሉ፤ ድምጻቸው አልጨመረም።

እንደ ልማዴ ሳጥኑን አጥፍቼ አበራሁት። ላፕቶፔን ዘግቼ ተነሳሁ።

ከዚያ በየደረስኩበት ስማቸውን ማንሳት ጀመርኩ። ለመስኖ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነገርኩት፤ ፊቱ ጠቆረ። ለአለቃዬ በስልክ ነገርኩት። ወረታ ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርት ዘር የሚሸጠው ጎረቤታችን "ምን ሆኖ ነው ፓምፑ?" ቢለኝ ለሱም ነገርኩት። ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ሚኒባስ ስሳፈር አጠገቤ አንዲት ሴት ተቀመጡ። አምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ቢጫ ሻሽ አስረዋል፤ አዲስ ሳፋ በነጠላ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል።

"ምነው ፊትሽ ጠቆረ የኔ ልጅ?"

"ሌባ አስቸግሮኝ ነው" አልኩና ዘረገፍኩት። ስሙን ጠየቁኝ። ስሙን ነገርኳቸው። የት አገር ሲሉኝ አገሩንም ነገርኳቸው።

ሳፋቸውን ጠበቅ አድርገው ይዘው "አይተሻል በዓይንሽ?" አሉኝ።

"ማሽኑ መዝግቦታል። ማሽን አይዋሽም።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የአንበሳሜ መንገድ ከሚገነጠልባት ሐሙሲት ሲደርሱ "ወደ አንበሳሜ ነኝ" ብለው ለረዳቱ ነገሩትና ሳፋቸውን አቅፈው ወረዱ። ደህና ሁኚም አላሉኝም። በነገሩ ተደንቀው ነው ብዬ አለፍኩት። አያ ጥጋቡ አንበሳሜ ያሉትን ከዚህ ጋር አላገናኘሁትም።

ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ደወለ። "ነገ ከቅዳሴ መልስ አውጫጭኝ ተጠርቷል። መዝገቡን ይዘሽ ነይ።"

አውጫጭኝን ለማታውቁት፣ ጥፋት ሲደርስና አጥፊው ሳይታወቅ ሲቀር አገሩ በሙሉ ይቀመጣል፤ ያየም የሰማም ይናገራል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እዚያ ላይ ስሙ የተበላሸ ሰው ልጅ መዳርም፣ ሰው ማስታረቅም ይከብደዋል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዋርካው ስር ተቀመጥን። ሰብሳቢው መሪጌታ እንየው ነበሩ፤ ቅስናም ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ሲናገሩ ማንም አያቋርጣቸውም። አያ ጥጋቡ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው አማቻቸው አለ። እኔ ላፕቶፔን እንደ ሕፃን ታቅፌዋለሁ።

መጀመሪያ የተነሳው ሽቦው ነው። አንዱ ጎረቤት "ከፓምፑ ቤት ወደ ግቢያቸው የሚገባ ሽቦ አለ፤ እኔ ያየሁትን ነው" አለ። አማቻቸው ተነስቶ ሄደና ሽቦውን እየጎተተ አመጣው። ጫፉ ላይ የሕፃን ቀሚስ ተንጠልጥሎ ነበር።

"የልብስ ማስጫ ነው" አለ። "በዚያ በኩል ከግራሩ፣ በዚህ በኩል ከፓምፑ ቤት ሚስማር ጋር ነው የታሰረ። ፓምፑን የተከሉት ሰዎች ጥለውት የሄዱት ቁራጭ ነው። ሞረዴን ደግሞ ወረታ ጓደኛዬ ሱቅ ነው የማሰራው፤ የፈለገ ይጠይቅ።"

ሰው ሳቀ። ሽቦውን ጥለው ከሄዱት ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። ፊቴ ተቃጠለ፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ተነሳሁ። መዝገቡን አነበብኩ። ሦስት ብልሽት፣ ሦስቱም ጊዜ ማሳ ሰባት፣ አረንጓዴ ብቻ። "አረንጓዴውን ተጭኖ፣ ፓምፑን እንደነቃ ትቶ፣ ኃይሉን ለሌላ ነገር የተጠቀመ ሰው አለ" አልኩ። ሳቁ ጠፋ። ሽንኩርቱ የጠወለገበት ሁሉ ወደ አያ ጥጋቡ ዞረ።

"ምን ይላሉ?" አሉ መሪጌታ።

አያ ጥጋቡ ተነሱ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

"መማሉ አይገደኝም። ከመማሌ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በቦዩ ጊዜ ደንባችን ምን ነበር? ውሃ የፈለገ ዱላውን ቦዩ አፍ ላይ ይተክላል። የጨረሰ ዱላውን ያነሳል። አንድ ዱላ ቆሞ እያለ እኔ ቦይ ዘግቸ አውቃለሁ?"

"አያውቁም" አሉ ብዙዎች።

"መሬቱ ከፍ ብሎበት፣ መስመሩ ተንዶበት ውሃ ያልደረሰውስ ሰው? ዱላውን ትቶ ይሄዳል?"

"ያነሳል!" አለ ሁሉም በአንድ ድምጽ።

"ያነሳል። ውሃ ያላገኘም ዱላውን ያነሳል። ካላነሳማ ቦዩ ሳይዘጋ፣ ውሃው ባዶ ሜዳ ላይ ሲፈስ ያድራል። ይኸን ደንብ ስንት ዓመት ያስከበርሁት እኔ ነኝ። እኔው ላፍርሰው? ውሃው አልመጣልኝም፤ ዱላየን ግን አንስቻለሁ። ቀዩን ተጭኛለሁ።"

ሌላው ሰው የሰማው የሽማግሌ ምሳሌ ነው። እኔ የሰማሁት ግን ጥያቄ ነበር። የኔ ፕሮግራም ውሃ ያላገኘውን ሰው ዱላ ምን ያደርገዋል?

ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ። ያን ክፍል ከጻፍኩት ዓመት ሊሞላው ነው። በሰው ቋንቋ እንዲህ ይላል፦ አረንጓዴ ሲጫን ቆጠራው ላይ አንድ ጨምር። ቫልቩን ክፈት። ቫልቩ አልከፈት ካለ መብራቱን አብርተህ ተመለስ።

ተመለስ። የጨመረውን አንድ ሳይቀንስ።

ወደ ቀዩ ወረድኩ። ቫልቩ ክፍት ካልሆነ ቀዩን ችላ በል ይላል። ለምን እንደዚያ እንደጻፍኩትም ትዝ አለኝ። ገበሬዎቹ ቀዩን ያለ ስራ እየደጋገሙ ቢጫኑና ቆጠራዬን ቢያበላሹስ ብዬ ጠርጥሬ ነው። ችላ ያልኩትን ደግሞ መመዝገብ አያስፈልግም ብዬ አልመዘገብኩትም። አያ ጥጋቡ ሦስቱንም ጊዜ ዱላቸውን ሊያነሱ መጥተዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ እጃቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነበርኩ።

አሁን የምጽፈው የሚያሳፍረኝ ነው። ወዲያው አልተነሳሁም። እዚያ ከተቀመጠው ሰው ውስጥ ያን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል አንድም የለም። አለቃዬ "የእቃው ከሆነ" ያለው ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። ይማሉ፣ ነገሩ በመሐላ ይዳፈን፣ እኔ ባሕር ዳር ሄጄ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ አልኩ። መሪጌታ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። አያ ጥጋቡ ጎንበስ ብለው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው ላይ የሽንኩርት መደብ ጭቃ ነበር።

"አይማሉ!" አልኩ። ጮኼ ነበር። "አይማሉ፣ ባትሪውን የጨረስኩት እኔ ነኝ።"

መጀመሪያ የገባው ሰው አልነበረም። አንዷ "ፀሐይ መታት እንዴ?" ስትል ሰማሁ። መሪጌታን ወደ ማሳ ሰባት እንሂድ ብዬ ለመንኳቸው፤ ሰው ሁሉ ተከተለን። ላፕቶፔን ከሳጥኑ ጋር ያለ ገመድ አገናኝቼ ቆጠራውን አሳየኋቸው፤ ዜሮ ነበር። አረንጓዴውን መሪጌታ ራሳቸው ተጫኑ። በሩ በደለል ስለታነቀ ውሃ አልመጣም፣ መብራቱ ብልጭ ብልጭ አለ። ቆጠራው አንድ ሆነ። "አሁን ቀዩን ይጫኑ" አልኳቸው። ተጫኑ። አንድ። ደገሙት። አንድ። ሦስተኛ ጊዜ በመስቀላቸው እጀታ ተጫኑት። አንድ።

"ይኸውላችሁ" አልኩ። "ዱላው አልነሳም አለ። እንዳይነሳ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"ማሽን አይዋሽም ያልሽውሳ?" አለኝ ሊቀመንበሩ።

"አልዋሸም። ያዘዝኩትን ነው ያደረገው።"

ማስተካከሉ አንድ ሰዓትም አልፈጀም። በሩ ካልተከፈተ የጨመርከውን ቀንስና ተመለስ። በቃ፣ ይችው ናት። ገበሬዎቹ የቫልቩን ደለል ጠርገው ሲጨርሱ ማሳ ሰባት ውሃ ገባው።

ሰው ሲበተን አያ ጥጋቡ ጋ ሄጄ ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። አነሱኝ።

"እኔስ ይቅር ብየሻለሁ ልጀ። ግን ዱላሽ ቆሟል።"

"የቱ ዱላ?"

"ስሜን ይዘሽ የገባሽበት ቤት ሁሉ ዱላ ተክለሻል። ክሱ ውሃ አላገኘም። እንግዲህ አልሆነም ብለሽ ዝም ብለሽ ልትሄጅ ነው? ሂጅና አንሽ።"

ሊቀመንበሩ እዚያው ነበርና አንድ ብዬ ጀመርኩ። አለቃዬ በስልክ ከነገርኩት ወዲህ ለሁለት ወር ኮስተር ብሎብኝ ከረመ፤ ይገባኛል። እናቴ "እኔማ መጀመሪያም አላመንኩሽም" አለች፤ ውሸቷን ነው። ዘር ሻጩን ሱቁ ድረስ ሄጄ ነገርኩት። አራት። ሚኒባሱን ግን ረሳሁት። የመንገድ ወሬ ሰው ቤት የሚገባ አልመሰለኝም።

ከፋሲካ ሦስት ሳምንት በኋላ ፓምፑን ልጎበኝ ሄድኩ። አንድም ቀን አልሞተም። አያ ጥጋቡ ሽንኩርት እየነቀሉ አገኘኋቸው። ያን ቀን ቤታቸው ገባሁ፣ ያቀረቡልኝንም በላሁ። ትንሿ ልጃቸው ውሃ አስታጠበችኝ፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

"ከአንበሳሜ ይመጣሉ ያሏቸው ሽማግሌዎች መጡ?" አልኳቸው።

"ቀሩ።"

"ለምን?"

"አልተናገሩም። ሰው ለምን እንደቀረ ይናገራል?"

ቢጫ ሻሽ። አዲስ ሳፋ። ወደ አንበሳሜ ነኝ። ምናልባት ሌላ ምክንያት ኖሯቸው ይሆናል። ምናልባት እኚያ ሴት አያ ጥጋቡን ከነጭራሹ አያውቋቸውም። መጠርጠር ለምጃለሁ፤ ይህን ያህል የሚያመኝ ጥርጣሬ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። እዚያው ተነስቼ የሚኒባሱን ነገር ነገርኳቸው። ልጅቷ ማስታጠቢያውን አስቀምጣ ወጣች። አያ ጥጋቡ በዓይናቸው ተከተሏት።

"እንግዲያ ቦዩ ገና አልተዘጋማ" አሉ።

ሁለት ጊዜ በገበያ ቀን አንበሳሜ ሄጃለሁ። ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት ባየሁ ቁጥር እየተከተልኩ ፊቷን አያለሁ። አላገኘኋቸውም። አሁን ስራዬ ላይ ፕሮግራም ስጽፍ መጀመሪያ የምጽፈው ነገሩ ሳይሳካ ሲቀር ምን እንደሚመለስ ነው፤ ሲሳካማ ሁሉም ያውቅበታል። ለአፍ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለውም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እናንተም የሰው ስም ይዛችሁ መንገድ ላይ ስትወጡ ስንት ቦታ እንደጣላችሁት ቁጠሩ።

በሁዳዴ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከወረታ በተነሳው ሚኒባስ አዲስ ሳፋ ይዘው ሐሙሲት የወረዱት እናት ሆይ፣ ይህን ያነበበልዎ ሰው ካለ ልብ ብለው ይስሙኝ። አጠገብዎ የነበረችው ልጅ እኔ ነኝ። አያ ጥጋቡ ምንም አልሰረቁም። በዓይንሽ አይተሻል ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አላየሁም ነበር። ዱላዬን ላነሳ ነው የመጣሁት።